የአያ ታከለ ጋሻና የእኔ ንባብ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ተናግሬ ይውጣልኝ፤ በዕድሜዬ እንደ ሙዚየም ሥራ ያናደደኝ ነገር የለም። ሚስቴ አናዳኛለች፤ አለቆቼ አናደውኛል፤ የመተማ ሙቀትም በተራው አናዶኛል። ሦስቱም ግን አልፎ አልፎ ፋታ ይሰጣሉ። ሙዚየም ፋታ የለውም። ሥራው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ የራስ ያልሆነን ዕቃ ከባለቤቱ መጠበቅ ነው። ሌባ ቢሆንማ ምን ቸገረኝ! ሌባ ይጮኽበታል፣ ይባረራል። ባለቤቱ ሲመጣስ? «እንዴት ዋልህ የኔ ልጅ» ብሎ ይገባል፤ ባለፈው ወር በገዛ ፈቃዱ የሰጠኝን አገልግል ከግድግዳው ያወርዳል፤ «ለሠርግ ነው፤ ሰኞ እመልሰዋለሁ» ብሎ ይወጣል። የትኛው ሰኞ እንደሆነ ግን አይናገርም።

ወደዚህ ጣጣ የገባሁት እጄን አውጥቼ ነው። ዘመኑ ደርግ ነበር። ጎንደር ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤ እየመዘገብሁና ማኅተም እየመታሁ ደኅና እኖር ነበር። አንድ ቀን በስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ «ከመካከላችሁ ታሪክ የሚወድ አለ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ሞኙ መጽሐፍ ሊያድሉን መስሎኝ እጄን ሰቀልሁ። አላርፍ ያለች ጣት ምን ጠንቁላ እንደወጣች ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም። በሳምንቱ ሰሊጥ ሊጭን በሚወርድ ባዶ የጭነት መኪና ላይ ተጭኜ፣ «የወረዳው ቤተ መዘክር ኃላፊ» የሚል ደብዳቤ በኪሴ ይዤ መተማ ዮሐንስ ገባሁ። የእጅ ማውጣትን ነገር ከዚያ ወዲህ እርም ብያለሁ።

ቤተ መዘክሩ የሰሊጥ መጋዘን ነበር። ነበር ማለቴ ስሕተት ነው፤ ግማሹ ያኔም መጋዘን ነው። በወዲያኛው በኩል የገበሬዎች ማኅበር ጆንያ እስከ ጣሪያው ተከምሯል፤ በወዲህኛው በኩል ታሪክ ተሰቅሏል። ቆርቆሮው ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ሲንጣጣ ይውላል። ስድስት ሰዓት ሲሆን እንሽላሊቱ እንኳ አልቻልሁም ብሎ ይወጣል። እኔ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንሁ እቀመጣለሁ። ምስጡንማ አታንሱብኝ! የምለጥፈውን ወረቀት ሁሉ ከኋላው ጀምሮ ይበላዋል። በወረዳው ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ ብዙ ጽሑፍ ያለፈበት እሱ ነው።

በመጣሁ በሁለተኛው ቀን የወረዳው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ ስንሻው መጣ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ማታ ከጋዜጣ የለቀመውን ቃል ጠዋት ሰው ላይ የሚዘራ ሰው ነው። ጠመኔ አወጣና በግራው ግድግዳ ላይ «ያለፈው ጨለማ»፣ በቀኙ ላይ «መጪው ብርሃን» ብሎ ጻፈ። በጨለማው በኩል ሙቀጫ፣ የግመል ኮርቻና ጫፉ የተሰበረ ጎራዴ ሰቀልን። በብርሃኑ በኩል አንድ ፖስተርና አንድ የትራክተር ማረሻ ዲስክ። ዲስኩ ትርፍ አልነበረም። ማኅበሩ ትራክተር በተሰበረበት ቁጥር መጥቶ መጪውን ብርሃን ከምስማሩ አውርዶ ይወስደዋል። ሐምሌ ላይ ሄዶ ጥቅምት ላይ ጭቃ በጭቃ ሁኖ የተመለሰበት ጊዜ አለ። በመካከሉ ጎብኚ ሲመጣ ባዶውን ምስማር እያሳየሁ «ብርሃኑ ሥራ ላይ ነው» እላለሁ። ለዚህ ነው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሁት!

እንግዲህ አንድ ማለዳ አያ ታከለ መለሰ መጡ። ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል። ረጅም ስለሆኑ በሩን ጎንበስ ብለው ነው የሚያልፉት። ከከተማው ዳር ማሽላ ያበቅላሉ፤ ሴቶች ልጆቻቸው ተድረው ሱዳን ገብተዋል። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ነበር። ሲፈቱት የጎሽ ቆዳ ጋሻ ነው፤ መካከሉ ከአያያዝ ብዛት የተነሣ እንደ ገበታ ጎድጉዷል።

«የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «ይኸ የአባቴ ነው። እኔ ስሞት ምስጥ ነው የሚበላው። አንተ ዘንድ ይቀመጥ።»

«ደስ ይለኛል አያ ታከለ።»

«ቆይ፣ ገና አልጨረስሁም። አባቴ መለሰ ይባላል። በድርቡሽ ጦርነት ጊዜ ስንቅ ተሸክሞ ከደጋ የወረደ እንጂ ተዋጊ አልነበረም። ሰዉ ወድቆ ሲያቃስት ይኸን ጋሻ ከሞተ ሰው አጠገብ አነሣና ገልብጦ ከወንዝ ውሃ እየቀዳ ሲያጠጣ ዋለ። የኛንም የነሱንም። ‹የተጠማ ሰው ወገን የለውም› ይል ነበር። ይኸን ትጽፍልኛለህ። ስሙንም ትጽፍልኛለህ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሌላ ምንም አልፈለጉም። እኔም በጥሩ ወረቀት፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፍሁ። «የመለሰ ጋሻ። መለሰ በዚህ ጋሻ የተጠማ አጠጣበት።» በሥራ ዘመኔ የጻፍሁት ብቸኛው እውነተኛ ጽሑፍ እሱ ነው፤ ዕድሜው ግማሽ ቀን አልሞላም። ከሰዓት በኋላ ጓድ ስንሻው መጣና አነበበው።

«ይህ ምንድን ነው? መደቡ የታለ?»

«የማን መደብ ጓድ?»

«የጋሻው! ጋሻ ውሃ ማጠጫ አይደለም። ጋሻ የጨቋኝ መደብ መሣሪያ ነው።»

«ሰውዬው እኮ ስንቅ ተሸካሚ ነበሩ።»

«የማንን ስንቅ?»

 በዚያ ዘመን አንዳንድ ጥያቄ መልስ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ስምህን ነው። ጓድ ስንሻው የኔን ወረቀት ቀደደና ቃል በቃል ሲነግረኝ እኔ ጻፍሁ፦ «ጋሻ። ባለቤቱ መለሰ የተባለ የአድኃሪው ሥርዓት አገልጋይ።» ዛሬ ድረስ እሱን ስሳደብ እውላለሁ፤ ምን ዋጋ አለው፣ እጅ ጽሑፉ የኔ ነው። ያውም ያማረ!

በማግሥቱ ጠዋት አያ ታከለ መጡ። ከወረቀቱ ፊት ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ። ፊደል አይለዩም።

«ጻፍኸው?»

«ጻፍሁት።»

«በል አንብብልኝ።»

አፌን ከፈትሁ። የተለጠፈውን ላነብ ነበር፤ በእውነት። ከአፌ የወጣው ግን የተቀደደው ነው። «የመለሰ ጋሻ። መለሰ በዚህ ጋሻ የተጠማ አጠጣበት።» አያ ታከለ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ድገመኝ» አሉ። ደገምሁላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔ የሥራ ዝርዝር ይኸው ሆነ። ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ፣ ጋሻውን በሰሊጥ ዘይት ያብሳሉ፣ «በል አንብብልኝ» ይላሉ። አነባለሁ። ሰሊጥ ለማረም ከጎጃምና ከወሎ የወረዱትን ሠራተኞች እያስከተሉ ይመጣሉ። ለእነሱም አነባለሁ። አንዱ የጎጃም ልጅ «አንቱ፣ አባትዎ እንዴት ያለ ሰው ነበሩ!» ብሎ ጉልበታቸውን ሲስም እኔ ግድግዳውን አያለሁ። ይባስ ብሎ ንባቤ እያማረልኝ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት መለሰ ከሰው አልፎ ፈረስና ግመል ያጠጣ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ያለው ሰው መተማን አላያትም፤ የኔው እያደር ጆንያ አከለ።

ማንበብ የሚችሉትስ አልነገሯቸውም ወይ ትሉ ይሆናል። ሞኝ አትሁኑ! በዚያ ዘመን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ማንበብ የሚችል ሰው አያነብም ነበር፤ ሁሉም አንድ ነው የሚለው። የሚያነብ ካለ ማንበብ የማይችል ብቻ ነው።

እንዲህ ስንኖር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። አስተማሪዋ ዘነበች ትባላለች፤ አጭር፣ ቆፍጣና፣ ከጎንደር የዘመተች ልጅ ናት። ማስተማሪያ ቤት ጠፋ። ጓድ ስንሻው አሰበ፤ እሱ ሲያስብ እኔ ላይ ነው የሚያርፈው። «ቤተ መዘክሩ ውስጥ ይማሩ!» አለ። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን አርባ ጎልማሳ የሰሊጥ ጆንያ ላይ ተደርድሮ ይቀመጣል፤ ዘነበች የፊደል ገበታዋን ከጨለማውና ከብርሃኑ መካከል ትሰቅላለች። ከፊተኛው ጆንያ ላይ፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ አያ ታከለ።

«በዚህ ዕድሜዎ ምን ያደክምዎታል?» አልኋቸው ለብቻቸው ጠርቼ። «እኔ አነብልዎ የለም?»

«ዕድሜ ልክ ላስቸግርህ? የአባቴን ስም ራሴ ላንብበው እንጂ።»

መተማ ሁሉም ሰው ያልበዋል። ያን ቀን ያላበኝ ግን ቀዝቃዛው ነው።

ወረቀቱን ለምን አልቀየርኸውም እንዳትሉኝ፣ የተለጠፈ ነገር ያለ ጓድ ስንሻው ፈቃድ አይነካም፤ የነካ ሰው ራሱ ነው የሚነካው። እውነቱን ለምን አልነገርሃቸውም ካላችሁ፣ አታናድዱኝ።

ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። መናደድ የጀመርሁት በአያ ታከለ አያት ነው። ልጃቸውን መለሰ ብለው ስም ሲያወጡ ምን አስበው ነው? ሦስቱም ፊደል ከገበታው አናት ላይ! ጴጥሮስ ቢሉት ምን ነበረበት? ገና ሁለተኛው ሳምንት ሳይጋመስ፣ ትምህርቱ እንዳለቀ አያ ታከለ ተነሥተው ወደ ጋሻው ሄዱ። ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አስኬዱ፤ አስኬዱና አንድ ቦታ ቆሙ።

«መ… ለ… ሰ። መለሰ! መለሰ ይላል!»

ወረቀቱን ሳሙት። አርባው ተማሪ እልል አለ። ዘነበች ፊቷን ወደ ገበታው አዙራ እንባዋን ጠረገች። እኔም አለቀስሁ፤ በፍርሃት ነው፣ ማንም እንዳይሳሳት። አያ ታከለ ግን ጣታቸውን አላነሡም።

«የኔ ልጅ» አሉ፣ «ስታነብልኝ ስሙን ሁለት ጊዜ ነው የምትጠራው። እኔ የማገኘው አንዱን ብቻ ነው።»

«አንዱን ምስጥ በላው አያ ታከለ።»

«ወይ የምስጥ ነገር! እንግዲያማ አድሰህ ጻፈው።»

አያችሁ? ውሸቴን ራሳቸው አድስልኝ አሉኝ። ሲመሽ ቁጭ ብዬ የዘነበችን ገበታ ከታች ወደ ላይ አየሁት። ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ፣ ፀ፣ ፈ፣ ፐ ግርጌ ላይ ናቸው። ወረቀቱ በእነዚህ ቢሞላ፣ አያ ታከለ እስኪደርሱባቸው ቤተ መዘክሩ የሚመረቅበት የአብዮት በዓል ያልፋል፤ እኔም ዝውውር ጠይቄ ከዚህ ምድር እጠፋለሁ። ደግሞ የአብዮት ቃል በጨ የታደለ ነው! ጨቋኝ፣ ጭፍራ፣ ጨፍጫፊ። ፊውዳልም አለ። ንጉሣቸው ደግሞ ኢምፔሪያሊዝም ነው፤ ፐ ያለችው ከገበታው መጨረሻ ነው፣ ከእሷ ወዲያ ፊደል የለም። በማግሥቱ ጓድ ስንሻው ዘንድ ሄድሁ።

«ጓድ፣ ያ የጋሻው ጽሑፍ ትንሽ ለዘብ ያለ አይመስልዎትም?»

ብዕሩን አስቀመጠ። ከጠፋበት የተመለሰ ልጁን እንደሚያይ ሰው አየኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ ከመጣሁ ጀምሮ ሰጥቶኝ አያውቅም። ሁለታችን ግንባር ለግንባር ገጥመን ጻፍን፦ «የመለሰ ጋሻ። መለሰ የተባለው ጨፍጫፊ የፊውዳል ጭፍራ ከኢምፔሪያሊዝም ጋር ተጣምሮ ጭቁኑን ሕዝብ በዚህ ጋሻ ጨፈጨፈ።» እያንዳንዷን ጨ ባቀበልሁት ቁጥር ትከሻዬን ይመታኛል። በሳምንታዊው ስብሰባ ላይም አስነሥቶ «ከደጋ ሲወርድ ለዘብተኛ የነበረ፣ ዛሬ ንቃቱ ከሁላችንም የላቀ ጓድ» ብሎ አስጨበጨበልኝ። አገልጋይ የተባሉትን ሰውዬ ጨፍጫፊ አድርጌ ጭብጨባ ተቀበልሁ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸ ነው።

አያ ታከለ አዲሱን ወረቀት አዩ። ስሙን ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ ደስ አላቸው።

«ረዘመ እኮ!»

«አባትዎን ላክብር ብዬ ነው ያስረዘምሁት።»

«እግዜር ያክብርህ የኔ ልጅ» አሉና ትከሻዬን ሳሙኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በራሴ ተናደድሁ፤ ንዴቱ ግን እስከ ጓድ ስንሻው ቢሮ የሚያደርስ አልነበረም፤ ከሆዴ አላለፈም።

ከዚያ በኋላ ተስፋዬ ሁሉ በዘነበች መዘግየት ላይ ሆነ። ልጅት መዘግየት አታውቅም! ሁለት ሳምንት ይፈጃል ያልሁትን በአራት ቀን ትጨርሰዋለች። በሌላ ወረዳ የዘመቱ ጓደኞቿን ልትቀድም ተወራርዳለች መሰለኝ። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ «ትንሽ አልፈጠንሽም? ሰዎቹ የአረም ድካም አለባቸው» አልኋት።

«ሕዝቡ እንዲማር አትፈልግም እንዴ?» አለችኝ ጮክ ብላ።

ይህም መልስ ከማይፈልጉት ጥያቄዎች አንዱ ነው። «እንዴት አልፈልግ!» ብዬ ጠመኔዋን አንሥቼ ሰጠኋት። የዚያን ዕለት ጠ ላይ ነበሩ።

በዓሉ ደረሰ። ቤተ መዘክሩ በይፋ ሊመረቅ ከጎንደር እንግዶች መጡ። ትልቁ እንግዳ ጥቁር መነጽር አድርገዋል፤ መጋዘኑ ጨለማ ነው፣ እሳቸው ግን አላወለቁትም። ነጋዴዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ሠራተኞቹ መኮትኮቻቸውን በር ላይ ጥለው ገብተዋል። ቦታ የጠፋበት ጆንያው ላይ ወጥቷል። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ያቀልጣል። መጪው ብርሃን እንኳ ታጥቦ ከቦታው ተሰቅሏል። ንግግር ተደረገ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ ከዚያ ጓድ ስንሻው «አሁን የመሠረተ ትምህርቱን ፍሬ እናያለን» ብሎ አያ ታከለን ጠራ። ዘነበች የመማሪያውን መጽሐፍ ገልጣ ሰጠቻቸው። ስለ ጤና የሚያወራ ገጽ ነው። ተመስገን አልሁ፤ ስለ ጤና የተጻፈ ነገር እንደዚያ ቀን ወድጄ አላውቅም።

አያ ታከለ መጽሐፉን አጥፈው መለሱላት።

«እኔ የማነበው የአባቴን ነው» አሉ።

«ከጋሻው ላይ!» አለ ጓድ ስንሻው በደስታ። «ይበልጥ ጥሩ!»

«ጓድ፣ ወረቀቱን እኮ ምስጥ…» ማለቴ ትዝ ይለኛል። ማንም አልሰማኝም።

ጣታቸውን አስቀመጡ። «የመለሰ… ጋሻ።» ወደኔ ዞረው ፈገግ አሉ። «መለሰ… የተባለው…» እዚህ ላይ ግንባራቸው ትንሽ ተቋጠረ፤ እኔ ሳነብላቸው «የተባለው» የሚል የለም። «ጨ… ጨፍ… ጫ… ፊ።» ቆሙ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከመጀመሪያው ጀመሩና በከንፈራቸው ብቻ ደገሙት። «የፊ… ው… ዳል… ጭፍራ።» አሁንም ጭብጨባ። ኢምፔሪያሊዝም ላይ ሲደርሱ ተያዙ፤ ቃሉን ሕዝቡ በቃሉ ያውቀዋል፣ እንግዶቹ እግራቸውን እየመቱ «ኢም! ፔ! ሪያ! ሊዝም!» እያሉ አሻገሯቸው። «ጭ… ቁኑን… ሕዝብ… በዚህ ጋሻ…» ድምፃቸው ወረደ። «ጨፈጨፈ።»

መጋዘኑ ሊፈርስ ደረሰ። እልልታ፣ ፉጨት፣ ጭብጨባ። አንዱ ፎቶ አነሣቸው። «ጭቁኑ ገበሬ ታሪኩን በገዛ ዓይኑ አነበበ!» ብሎ ጓድ ስንሻው ጮኸ። አያ ታከለ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ እንዳደረጉ ወደኔ ዞሩ።

«ውሃውስ?» አሉኝ።

ጫማዬን አየሁ።

«ውሃው የቱ ጋ ነው የተጻፈው የኔ ልጅ?»

ምን ልበል? የምለውን ሁሉ ለሦስት ወር ብዬው ጨርሻለሁ። ቀና ስል እሳቸው ከወረቀቱ ፊት አልተንቀሳቀሱም። ወደ ዘነበች ዞሩ።

«መጻፍም አስተምረሽኝ የለ?»

«አዎ አባቴ!» አለች በኩራት።

«እስቲ ብዕር ስጪኝ።»

ሕዝቡ ሊፈርሙ መስሎት ጸጥ አለ። ከጽሑፉ ግርጌ ባዶ ቦታ አገኙ። ብዕሩን እንደ ወስፌ ጨበጡት። አንዷን ፊደል ለመጻፍ የፈጀባቸው ጊዜ አንድ ማሳ የሚያሳርስ ነው። መጀመሪያ ው። ቀጥሎ ሸ። ቀጥሎ ት። ሦስት ፊደል፣ እያንዳንዷ የጣት ቁመት ያላት። ጓድ ስንሻው ቅርብ ስለነበረ አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ትልቁ እንግዳ ግን ሩቅ ናቸው፤ በዚያ ላይ መነጽራቸው።

«ምን ብለው ጻፉ?» አሉ። «አንተ፣ የሙዚየሙ፣ ጮክ ብለህ አንብብልን።»

አሁን እውነቱን እነግራችኋለሁ። በዚያ ዘመን፣ በአብዮት በዓል ቀን፣ መንግሥት በለጠፈው ወረቀት ላይ «ውሸት» ብሎ የጻፈ ገበሬ ቤቱ አይገባም። ያጻፈውም፣ ያስቀመጠውም አይገባም። አያ ታከለን ለማዳን ብዬ ነው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ የራሴን ነፍስ ለማዳን ነው፤ የትኛው ግማሽ እንደቀደመ ዛሬም አላውቅም፣ ባሰብሁት ቁጥር ግን ደሜ ይፈላል።

«ስማቸውን ነው የጻፉት» አልሁ። «‹ታከለ መለሰ› ይላል።»

ጭብጨባው እንደገና ፈነዳ። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ጓድ ስንሻው ነው።

አያ ታከለ ሰሙኝ። ወደ ወረቀቱ ተመልሰው ሦስቱን ፊደል በጣታቸው አንድ በአንድ ነኩ፤ የተሳሳቱ መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ ደግመው ነኩ። አልተሳሳቱም። ጋሻውን ከምስማሩ አወረዱ፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት፣ በሕዝቡ መካከል ሄዱ። የፕሮግራሙ ክፍል የመሰለው ሕዝብ መንገድ ለቀቀላቸው፤ እልል አለላቸው። ዘነበች ጋ ሲደርሱ ቆሙና ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፦

«የኔ ልጅ፣ እኒህንም ሰውዬ ነገ መዝግቢያቸው» አሉ በአገጫቸው እኔን እያሳዩ። «ፊደል አልቆጠሩም።»

ሰው ሁሉ በሳቅ አለቀ። ትልቁ እንግዳ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። «እኒህ ሰውዬ» ነው ያሉኝ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «የኔ ልጅ» ነበርሁ። ዘነበች ብቻ አልሳቀችም። ወደ ግድግዳው ሄዳ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ታነብ ነበር፤ መጀመሪያ የኔን ጽሑፍ፣ ከዚያ የእሳቸውን።

በማግሥቱ ዐሥር ሰዓት ላይ መዝገቧን ይዛ ገባች። ጓድ ስንሻው እንግዶቹን ሊሸኝ ሄዶ ገና አልተመለሰም፤ ተማሪዎቹ ቀድመዋት ገብተው፣ ባዶው ምስማር ሥር የቀረውን ወረቀት በየተራ እየተነሡ አንብበው ጨርሰዋል። ስም መጥራት ጀመረች። አያ ታከለ ላይ ስትደርስ ባዶውን የፊተኛ ጆንያ አየችና አልፋ ሄደች። መጨረሻ ላይ የኔን ስም ጠራች።

አንድም ሰው አልሳቀም።

«አቤት» አልሁ።